ባዶ ቦታ የተባለው የገመድ ሠሪዎች መንገድ

ገመድ ሠሪ ሥራው ላይ ሳለ የሚሄደው ወደ ኋላ ነው። ወገቡ ላይ ከታጠቀው ቃጫ በጣቶቹ እየሳበ፣ ዓይኑን ከሚዞረው መዘውር ሳያነሣ፣ እርምጃ በእርምጃ ይሸሻል፤ እሱ በሸሸ ቁጥር ክሩ ይረዝማል። እንዲህ ያለ ሰው የመጣበትን እንጂ የሚሄድበትን አያይም። ስለዚህ በገመድ ሠሪዎች መንገድ የሚያልፍ ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ሕፃን፣ "ከኋላ" ብሎ ድምፁን ማሰማት ደንቡ ነው።

ጋሽ ኋሊት ይህን ሥራ ጢማቸው ማቀምቀም ሲጀምር ይዘው ጢማቸው እስኪሸብት ሠርተውታል። ስሙን ያወጡላቸው የሰፈሩ ልጆች ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከታላቅ እህታቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ እህታቸውም በዚያ ስም የሚጠሯቸው ሲናደዱ ብቻ ነው።

አንድ ማለዳ እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ ሲሄዱ ጀርባቸው ከሰው ጋር ተላተመ። ወረቀት ተበተነ፣ ክሩም ተበጠሰ። ከመንገዱ ጫፍ መዘውሩን የሚያዞሩት እህታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

"ምን ገደልክ?" አሉ።

"ሰው ነው" አሉ ጋሽ ኋሊት ዞር ብለው። "ገና አልሞተም።"

መሬት ላይ ተንበርክካ ወረቀቷን የምትለቅመው የጫማ ሰፊው ልጅ ነበረች። እዚሁ መንገድ ላይ ድክ ድክ ብላ አድጋ፣ ትምህርቷን ጨርሳ፣ አሁን በከተማው ፕላን መሥሪያ ቤት ረዳት ሆና ትሠራለች።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። 'ከኋላ' ማለት ረሳሁ።"

"ይህን ያህል ዓመት ያስተማሩሽ ያንን ለማስረሳት ነው?"

"ሌላም ያስረሱኝ ይኖራል፤ ገና አልቆጠርኩትም።"

ጋሽ ኋሊት ሊስቁ ፈልገው ተዉት። የተበጠሰውን ክር ጭናቸው ላይ አሽተው ሊቀጥሉ ሲሉ ዓይናቸው ከአንዱ ወረቀት ላይ አረፈ። እሳቸው የማይወዱት ነገር ብዙ ነው፤ የማያውቁትን ነገር አይቶ ማለፍ ግን አይችሉበትም። ይህ ጠባያቸው ብዙ ጠብ ውስጥ አግብቷቸዋል፣ ከብዙ ድንቁርናም አውጥቷቸዋል።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ሰፈራችን ነው፣ ከላይ ሲታይ።"

"ማን ሆኖ ከላይ ያየዋል?"

"ወፍ ሆኖ።"

"የኔ ቤት የቱ ነው?"

"ይህቺ።"

"በጣም አነሰች።"

"ወፏ ልክ ነች" አሉ እህታቸው መዘውሩን ትተው እየመጡ።

"መንገዱስ? ይህ የቆምንበት?"

ልጅቷ ጣቷን በሰፈሩ መሐል ለመሐል በተዘረጋው ነጭ ቦታ ላይ አሳረፈች። "እዚህ ላይ የተጻፈው 'ባዶ ቦታ' ይላል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃጫ ሲደርቅ ይሰባበራል። በመሆኑም ገመድ ሠሪዎች የሚሠሩት አየሩ ርጥበት ባለው ጊዜ፣ በማለዳና ወደ ማታ ነው፤ ቀትር ላይ ክራቸውን ጠቅልለው ወደየቤታቸው ይገባሉ። መሬት ለኪዎቹ የመጡት በቀትር ነበር። ጭር ያለ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ሜዳ አዩ፤ ያዩትንም ጻፉ። ፕላን አውጪዎቹ ደግሞ የተጻፈውን አምነው መሐሉ ላይ የሱቆች ሕንፃ አስቀመጡበት።

"መሐሉ ላይ ከሆነ ግማሽ መንገድ ይቀርልናል" አሉ ጋሽ ኋሊት ቀስ ብለው። "በግማሽ መንገድ የሚወጣው ግማሽ ገመድ ነው። ግማሽ ገመድ ደግሞ ጉድጓድ ለገባ ሰው ምን ይረባዋል?"

"ለዚህ ነው የመጣሁት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በከተማው አዳራሽ ነዋሪው ይጠየቃል። ከዛሬ በኋላ ፕላኑ ይጸድቃል። እርስዎ ከሄዱ የመንገዱ ሰው ሁሉ ይከተልዎታል።"

"እኔ ደግሞ አልሄድም" አሉ ጋሽ ኋሊት፤ ተመልሰውም ክሩን ያዙ።

በዚህ መንገድ ጋሽ ኋሊት አልሄድም ካሉ ሌላው ገመድ ሠሪ ሁሉ አይሄድም። ልጅቷ ይህን ስለምታውቅ አልሄደችም፤ ከመንገዱ ዳር በተጋደመ ግንድ ላይ ተቀመጠች።

"ለምን እንደማይሄዱ ብቻ ይንገሩኝና ልሂድ።"

"ብዙ ዕቅድ ቀብሬያለሁ የኔ ልጅ። ቀባሪ ደግሞ ለድግስ አይቸኩልም።" ይህን ብለው ሥራቸውን ሊቀጥሉ ነበር፤ ነገር ግን እህታቸው ወደ መዘውሩ አልተመለሱምና ብቻቸውን ሊፈትሉ አልቻሉም። አጠገቧ ተቀመጡ። "ገና ወጠጤ ሳለሁ የመጣው ሹም 'አገር የምታድገው በትልቅ ነገር ነው፤ ትልቁ ሲሞላ ለትንሹ ይፈስለታል' አለን። ከወንዙ ማዶ የገመድ ፋብሪካ ተሠራ። ድንጋዩን በዚህ ትከሻ ተሸክሜያለሁ። ማሽኑ ሲገባም አጨበጨብኩ። ከዚያ እስኪፈስልኝ ጠበቅኩ።"

"ፈሰሰልዎት?"

"ዘይቱ ፈሰሰ። መለዋወጫ ጠፍቶ ማሽኑ ቆመ።"

ልጅቷ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ኮስተር አለ። "የዚያ ዘመን አስተሳሰብ ያ ነበር ጋሼ። እዚህ ብቻም አይደለም። ፋብሪካና ግድብ ይሠራ፣ ምርት ይደግ፣ ምርት ካደገ ድህነት በራሱ ጊዜ ይጠፋል ይባል ነበር። ምርቱ በእውነት ያደገበት ቦታ አለ። አድጎ የማን ቤት እንደገባ ግን አልተጠየቀም።"

"ኋላስ ማን ጠየቀ?" አሉ ጋሽ ኋሊት። እንዲህ ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ክርክሩ ላልቶ ጥያቄው ብቻ ቀርቶ ነበር።

"ቤት ለቤት የሄዱ ሰዎች። አገሪቱ ምን ያህል አመረተች ማለቱን ትተው፣ ሕፃናት በሕይወት ያድጋሉ ወይ፣ ሰዉ ንጹሕ ውሃ ያገኛል ወይ፣ ሴት ልጅ ትማራለች ወይ ብለው ጠየቁ። መልሱ ሲመጣ አሳፈራቸው። ከዚያ በኋላ ነው ገንዘቡ ወደ ቧንቧ፣ ወደ ክሊኒክ፣ ወደ ትምህርት ቤት የዞረው።"

"እዚያ ላይ ክፉ እንዳትናገር" አሉ እህታቸው ለወንድማቸው። "የመጨረሻው ልጄ ያኔ ለሰፈራችን በተሠራው ክሊኒክ ነው የተረፈው።"

"ምን ወጣኝ። ጥሩ ዘመን ነበር። ግን ተነሡና አቋረጡት።"

"ገንዘቡ አለቀ" አለች ልጅቷ። "ምርቱ ቆሞ ወጪው ብቻ ነበር የሚሄደው። ካዝናው ሲራቆት ሌላ ሐሳብ መጣ፦ መንግሥት እጁን ይሰብስብ፣ ገበያው ሁሉን ያስተካክል ተባለ።"

"እሱን አስታውሳለሁ። 'ገበያ ሁሉን ያውቃል' ያለን ሽቅርቅር ያለ ወጣት ነበር። ሊያውቅ ይችላል፤ እኔን ግን አያውቀኝም ነበር። የናይለን ገመድ በመኪና ሙሉ ገባ። ክሊኒኩ ከደጅ ክፈል ማለት ጀመረ። ከዚህ መንገድ ብዙ መዘውር ዝም ያለው ያኔ ነው። የገቡበት የማይታወቅ ጓደኞች አሉኝ።"

እህታቸው ጣልቃ ገቡ።

"ዶሮዎቹን ንገራት።"

"ምን ዶሮ?" አለች ልጅቷ።

"ከዚያ የቀጠሉት ደግሞ ደጋግ ሰዎች ነበሩ" አሉ ጋሽ ኋሊት። "'ድሃው ዘንድ በቀጥታ እንድረስ' ብለው ለየቤቱ ዶሮ አደሉ። ዶሮ ቃጫ ውስጥ ስትገባ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አንዷ ተፈትላ ገመድ ልትሆን ለጥቂት ነው የተረፈችው" አሉ እህታቸው።

"ቢጠይቁን ኖሮ 'ቃጫችንን ከዝናብ የምናስጠልልበት መጋዘን' እንል ነበር። ዶሮ የሚል ከመሐላችን አይወጣም። ታዲያ ይኸውልሽ፤ አንዱ ሹም የገመደውን ሌላው ይፈታል። እኔ ሲገመድና ሲፈታ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዛሬም ሄጄ አጨብጭብ ነው የምትይኝ?"

የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ሁለት መንገድ ይታየዋል። አንዱ፣ የመሥሪያ ቤቱን ክብር ለመጠበቅ ሲል እውነቱን መሸፋፈን ነው፤ ይህ ቀላል ነው፣ ብዙዎችም ሄደውበታል። ሁለተኛው እውነቱን እንደ እውነት ተቀብሎ ከዚያ መነሣት ነው። ልጅቷ ሁለተኛውን መረጠች።

"ያሉት ሁሉ ልክ ነው። አንዱ ሌላውን እያፈረሰ ነው የመጣው። የስሕተቱን ዋጋ የከፈሉትም ያሰቡት ሰዎች አይደሉም፤ እናንተ ናችሁ።"

ጋሽ ኋሊት ቀና ብለው አዩዋት። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ሰው "ልክ ነዎት" ሲላቸው ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

"አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት" አለች። "ከልጅነቴ ጀምሮ ይገርመኛል። ገመዱ ከተሠራ በኋላ ለምን አይፈታም? ሙጫ የለው፣ ቋጠሮ የለው።"

አንድን ባለሙያ ስለ ሙያው የሚጠይቅ ሰው ግማሽ ልቡን ወስዷል። ጋሽ ኋሊት ከጎናቸው የነበረውን ገመድ ጫፉን ፈታ አድርገው አሳዩዋት።

"እነዚህን ሦስት ፈትሎች አየሻቸው? እያንዳንዱን ለብቻው ወደ ቀኝ አከረዋለሁ። ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ ወደ ግራ እገምዳለሁ። እያንዳንዱ ሊፈታ ይታገላል፤ ሲታገል ግን ጓደኞቹን ያጠብቃል። ፀባቸው ነው የሚያፋቅራቸው።"

"ሁሉም ወደ አንድ ጎን ቢከርሩስ?"

"ስትለቂው እንደ እባብ ይጠቀለልና ይበተናል።"

"'ድር ቢያብር' የሚሉት ይህን ነዋ።"

"ድር ለሸረሪት ነው። አንበሳ የሚታሰረው በገመድ ነው።"

"ይህን ማን አስተማረዎት?"

"አባቴ።"

"አባትዎንስ?"

"አባቱ።"

"ያ የመጀመሪያውን ሰውስ፣ ማንም ያላስተማረውን?"

"እሱማ..." አሉ ጋሽ ኋሊት፤ "እሱ በጥሶ በጥሶ ይሆናል የተማረው። አንድ ወገን አክርሮ ሲፈታበት፣ አንድ ፈትል ብቻውን ሰቅሎ ሲበጠስበት..." ቃሉ ሳያልቅ ቆሙ። ገመዱን እጃቸው ላይ ገለባበጡት።

ልጅቷ ምንም አላለችም። ይህ ብልህነቷ ነው፤ ሰው ራሱ ሊደርስበት የቀረበውን ቦታ ቀድመህ ከነገርከው ተናዶ ይመለሳል።

"እና" አሉ ገመዱን እያዩ፣ "የናንተ ሰዎች በጥሰው በጥሰው የት ደረሱ ነው የምትይኝ?"

"ጨርሰዋል አልልዎትም። ግን አንድ ፈትል ብቻውን እንደማይበቃ ገብቷቸዋል። እድገቱ ያስፈልጋል፤ ምርት ከሌለ ለክሊኒኩ ሐኪም ደመወዝ የሚከፍለው የለም፣ ያም የተቋረጠው ለዚያ ነው። ጤናና ትምህርት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ፋብሪካ ቢሠራም በሽተኛና ያልተማረ ሰው ነው የሚገባበት። ገበያውም አልተጣለም፤ መንግሥት ግን ሜዳውን ሳያስተካክል ደካማውን ከጉልበተኛ ጋር ታገል አይልም። ከሁሉ ዘግይቶ የመጣው ደግሞ ሰሚ ማግኘት ነው። ድህነት የኪስ ባዶነት ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ራስ ኑሮ ሲወሰን አለመጠየቅም መሆኑን ያወቁት ቆይተው ነው።"

"ጠርተው፣ አዳራሽ አስቀምጠው፣ ፎቶ አንሥተው ቢያሰናብቱንስ?"

"ሊሆን ይችላል። አይሆንም ብዬ አልምልም። ካልሄዱ ግን ምን እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የምጽፈው። 'ተቃዋሚ አልቀረበም' ይላል። እስካሁን ባዶ የተባለው ቦታው ነበር፤ ከዛሬ በኋላ ሰዉም ባዶ ይባላል።"

ጋሽ ኋሊት ወደ እህታቸው ዞሩ። "ምን ትያለሽ?"

"ዛሬ ምን ነካህ?" አሉ እህታቸው። "ይህን ሁሉ ዘመን መዘውር ሳዞር ምን ትያለሽ ብለኸኝ ታውቃለህ?"

"ስለ ምን ልበልሽ?"

"ስለ ፀሐዩ። አንተ ትሄዳለህ፤ ስትሄድ አንዱ ቤት ጥላ ይጥልልሃል፣ ሌላውም ይጥልልሃል። እኔ አንድ ቦታ ተገትሬ ነው የምንጨረጨረው። ከላዬ ጣራ ቢኖር እኔም አርፍ ነበር፣ ቃጫህም ባልደረቀ። ቀትር ላይም በሠራን ነበር።"

ጋሽ ኋሊት ሹሞቹን ሁሉ "አልጠየቁኝም" ብለው ሲከሱ ኖረዋል፤ ከመዘውሩ ጀርባ የቆሙትን የገዛ እህታቸውን ግን አንድ ቀን አልጠየቁም። ሲያስቡት ደግሞ ነገሩ ሰፋ። መንገዱ በቀትር ባይራቆት ኖሮ ለኪዎቹ ባዶ ነው ብለው ባልጻፉ። ጣራ ቢኖር ኖሮ ባልተራቆተ። እህታቸውን ቢጠይቁ ኖሮ ጣራ ሳይታሰብ ባልቀረ።

"እሺ" አሉ ተነሥተው። "አንቺም ትሄጃለሽ።"

"እኔ ምን ልሠራ?"

"ጣራውን ልትናገሪ። እኔ ብናገረው ከኔ የመጣ ይመስላቸዋል።"

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ገመድ ሠሪዎቹ በአንድ ወገን፣ ሱቁን የሚፈልጉ ነጋዴዎች በሌላው ወገን ተቀመጡ። መድረኩ ላይ የነበረው መነጽር ያጠለቀ መሐንዲስ ፕላኑን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አስረዳና "አስተያየት ያለው" አለ። ጋሽ ኋሊት ብድግ ብለው ሄደው ነጩ ቦታ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ።

"እኔ እዚህ ነው የምሠራው" አሉ። "አባቴም እዚህ ነው የሠራው። እዚህ የተጻፈው ግን ባዶ ይላል።"

መሐንዲሱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

"ሰዎቻችን ሲመጡ ማንም አልነበረም" አለ።

"በቀትር መጡ።"

"በቀትር ለምን አትሠሩም?"

ጥያቄው የነገር አልነበረም፤ መሐንዲሱ እውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። ጋሽ ኋሊትም አስረዱት፦ ቃጫ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ገመድ ለምን ረጅም መንገድ እንደሚፈልግ፣ ሲገመድ ክሩ እንደሚያጥር። ከነጋዴዎቹ አንዱ፣ ጉምቱ የብረታ ብረት ሻጭ፣ ተነሣ።

"እኛስ? ሱቅ አያስፈልገንም ነው የሚሉት?"

"ያስፈልጋችኋል። እኛም ያስፈልገናል፤ ገመዱን ማን ይሸጥልናል? ጎንና ጎኑ ላይ ይሁን ነው የምለው። ሥራው መሐል፣ ሽያጩ ዳር።"

ሻጩ ጢሙን እያሻሸ ተቀመጠ። ከኋላ ወንበር ደግሞ እህታቸው ሳይፈቀድላቸው ተናገሩ።

"ጣራም ይጨመርበት። መሐሉ ላይ፣ ከመዘውሩ ጀምሮ እስከ መጨረሻው። እኔ ነኝ የምቃጠለው፤ ስለዚህ የምለውን አውቃለሁ።"

ፕላኑ በዚያ ቀን አልጸደቀም። ሌሎች ለኪዎች በማለዳ መጡ፤ "ከኋላ" ብለው እንዲያልፉ ተነገራቸው፤ አንዱ ረስቶ ተላተመ። ከብዙ መመላለስና ከጥቂት ጭቅጭቅ በኋላ ሱቆቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሠሩ፣ መሐሉም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆርቆሮ ለበሰ።

ከዚህ የተገኘውን ጥቅም መናገር ተገቢ ነው። ገመድ ሠሪዎቹ ፀሐይም ዝናብም ሳይሉ ቀኑን ሙሉ መሥራት ቻሉ፤ ቃጫቸውም አይበላሽባቸውም። ሥራው ስለበዛ ከከተማው ውጭ ቃጫ የሚያመርቱት ገበሬዎች ቋሚ ገዢ አገኙ። ሱቅ የከፈቱት ነጋዴዎች ገመዱን ለግንበኛውም ለአሣ አጥማጁም ይሸጣሉ፤ ግብራቸውን ሲከፍሉም ክሊኒኩ አንድ አዋላጅ ተጨመረለት። ናይለን ሸሽተው ከሄዱት መሐል ሁለት ሦስቱ ተመልሰው መዘውራቸውን ተከሉ። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ ትልቅ ነገር አይደለም። አምራቹ፣ ሻጩ፣ መሥሪያ ቤቱና መዘውር የሚያዞሩት ሴት እርስ በርስ እየተጓተቱም ቢሆን አንድ ላይ ስለተገመዱ ነው። ድሃን ከድህነት ለማውጣት የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ በማለዳ ሄዶ ሲሠራ ይየው፤ አይቶም ይጠይቀው።

በክረምቱ መግቢያ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ጣራው በምሥራቅ በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ገመድ ሠሪዎቹ ተሰብስበው ሽቅብ አዩ። "ያው ነው፣ የመንግሥት ነገር" አለ አንዱ። "ጠብቁ፣ ሹም ይመጣል" አለ ሌላው።

ጋሽ ኋሊት ቃጫቸውን ከወገባቸው ፈቱ። ኮታቸውን ደርበው በዝናቡ መሐል ወደ ፕላን መሥሪያ ቤቱ ሄዱ፤ የጠራቸው አልነበረም። የጫማ ሰፊው ልጅ ጠረጴዛዋ አጠገብ ውሃ እየተንጠባጠቡ ቆመው ስታያቸው ደንግጣ ተነሣች።

"ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ምን አመጣዎት?"

"ጣራው ያፈሳል" አሉ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። "ያንን የወፍ ወረቀትሽን አምጪው፤ የት ጋ እንደሚያፈስ ላሳይሽ።"